በጀብዱ ፊልም ውስጥ «ውክልና» ምንድን ነው?

ስለ ፊልም ሲወራ «ውክልና» የሚባለው አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ጾታ በታሪኩ ውስጥ በማን ተዋናይነት፣ በምን ዓይነት ሚናና በምን ያህል ክብር እንደ ቀረበ ነው። ብዙዎች ቃሉን «ስንት ጥቁር፣ ስንት ዐረብ፣ ስንት ሴት ታየ?» ወደሚል ቆጠራ ያወርዱታል፤ በእኔ እምነት ግን ዋናው ጥያቄ ገጸ ባሕርይው ስም አለው ወይ፣ በራሱ ጉዳይስ ይወስናል ወይ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት የሆሊውድና የእንግሊዝ ፊልሞች ተመልካቹን ወደ በረሃው፣ ወደ ጫካውና ወደ ጥንቱ ዓለም ይወስዱት ነበር፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነጮች ነበሩ። በ1956 ነጩ አሜሪካዊ ጆን ዌይን የሞንጎሎቹን መሪ ጄንጊስ ካንን ሆኖ ተጫወተ፤ በ1966 እንግሊዛዊው ሎረንስ ኦሊቪዬ ፊቱን አጥቁሮ የሱዳኑን የሃይማኖትና የዐመፅ መሪ ማህዲን ሆነ። በ1962 በወጣው «የዐረቢያው ሎረንስ» ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍ ትልቅ ሚና ቢያገኝም ዐረቡን ልዑል ፋይሰልን የተጫወተው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነው፤ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው በዚህ ፊልም አንዲትም ሴት ስትናገር አትሰማም። ስቱዲዮዎቹ ትኬት የሚሸጡት በታዋቂ ተዋናይ ስም ነበርና ባለሀብቱ ሌላ ሰው ለመሞከር አይደፍርም። በዚያ ላይ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሆሊውድ ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል የሚኖርን የፍትወት ግንኙነት ማሳየት እስከ 1956 ድረስ ይከለክል ስለነበር፣ ነጭ ጀግና ባለበት ታሪክ ለጥቁር ተዋናይት የፍቅረኛነት ቦታ አልነበራትም።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ የሚሰጠን ጥቁር አሜሪካዊው ዉዲ ስትሮድ ነው። በ1956 በወጣው «አሥርቱ ትእዛዛት» ሙሴ ከዘመቻ ተመልሶ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን በፈርዖን ፊት ያቀርባል (እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የተባለችው በጥንቱ አጠራር ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለችው አገር ናት)። ንጉሡ ስትሮድ ነው። ቁመናው ግርማ አለው፤ ሆኖም ገጸ ባሕርይው የተመዘገበው «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ተብሎ ብቻ ነው፣ ስም የለውም። ያው ተዋናይ በዚያው ፊልም የፈርዖን ልጅ ባርያ ሆኖም ይታያል። በቆጠራ ብንሄድ ሁለት ጥቁር ሚና ተመዘገበ ልንል ነው፤ ሁለቱም ግን የሌላ ሰው ታሪክ ማድመቂያ ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሮም ላይ ያመፁትን ባሮች ስለመራው ስፓርታከስ በሚተርከው «ስፓርታከስ» በተባለው ፊልም፣ ስትሮድ ድራባ የተባለ ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር (ለተመልካች መዝናኛ እንዲዋጋ የሚገደድ ባርያ) ሆነ። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ሊነግረው አይፈቅድም፤ ነገ በሜዳ ቢጋጠሙ ሊገድለው ግድ ይሆንበታልና። ቀኑ ደርሶ ሲጋጠሙ ድራባ ያሸንፋል፤ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን በስፓርታከስ አንገት ላይ ደግኖ ቆም ይላል፣ ከዚያም ጦሩን ከላይ ተቀምጠው በሚመለከቱት ሮማውያን ላይ ወርውሮ ወደ እነሱ ሲወጣ ይገደላል። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ያን ውሳኔ ግን ማንም አላዘዘውም፣ የራሱ ነው። ሬሳው ለግላዲያተሮቹ ማስፈራሪያ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ብዙም ሳይቆይ የግላዲያተሮቹ ዐመፅ ይፈነዳል።

ይህ ከ1956ቱ ንጉሥ እጅግ የራቀ ውክልና ነው። ቢሆንም ድራባ ገና በመጀመሪያው ክፍል ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ታሪክ የስፓርታከስ ነው።