ጦቢትን የመሰለ አባት ሲያርፍ፦ እስከ አርባው ያለው ሥራ

የቤቱም የሰፈሩም ሰው የሆነ አባት ከመጽሐፍ ቅዱስ ፈልጉ ብንባል ታሪኩ በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን ጦቢትን የሚቀድም አይገኝም። በበዓለ ጰንጠቆስጤ ማዕድ ቀርቦለት ሳለ ልጁን ጦብያን ችግረኛ ወገን ፈልጎ እንዲያመጣ ላከው። ልጁ ግን ከወገናቸው አንዱ ታንቆ ገበያ ላይ መጣሉን ነገረው። ጦቢት እህል ሳይቀምስ ተነሣ፤ አስከሬኑን ፀሐይ እስክትጠልቅ ቤት አቆይቶ፣ ቆፍሮ ቀበረው (ጦቢት ምዕ. 2)። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የእድር ጡሩንባ ሲነፋ በሬውን ፈትቶ የሚደርስ፣ ሰንበቴ ሲጎድል ከቤቱ የሚያሟላ። እሱ ሲያርፍስ?

መታሰቢያው በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ60፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ነው። በሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ በአርባው ዕርገቱን እናስባለን፤ እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን አልቅሰዋል (ዘዳ. 34፥8)። ቤተሰብ የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። አንዱ ካረፈበት፣ ሌላው ከተቀበረበት ይጀምራል፤ የንስሐ አባት አንዴ ይወስኑና ቀኖቹ ሁሉ በወረቀት ይስፈሩ። ጳጉሜንን የሚረሳም ብዙ ነው። ነሐሴ 1 ያረፈ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ብለን ከቆጠርን፣ አርባው መስከረም 5 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዘመን ደግሞ መስከረም 4። የረሳው መስከረም 10 ብሎ ዘመድ ይጠራል።

ለካህናት የሚሰጠው የክርስትና ስሙ ነው። ሰፈሩ በዓለም ስሙ ሲጠራው ስለኖረ ልጆቹ እንኳ ላያውቁት ይችላሉ፤ የክርስትና አባቱ ወይም የንስሐ አባቱ ይጠየቁ። ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ከዋዜማው ቀድመው ይድረሱ። የመገበሪያው ስንዴ ከሁሉም አስቀድሞ ይሰጥ፤ መለቀምና መፈጨት አለበት። በእኛ ደጋ ስንዴና ገብስ በአንድ አውድማ ስለሚወቃ ገብስ የተቀላቀለበት እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ ለቅዱስ ቍርባን ንጹሕ ስንዴ ብቻ ነው የሚሆነው። አርባው ዐቢይ ጾም ውስጥ ከወደቀ ዝክሩ በጾም ምግብ ይደረጋል፤ ንፍሮና ሽሮ ያዘነን አያሳፍርም። በሰሞነ ሕማማት ግን ፍትሐት የለም፤ በሆሳዕና ዕለት ለሁሉም ፍትሐት የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ድግሱን በተመለከተ፦ ጦቢት ልጁን ጥቂት ካለህ ከጥቂቱ ስጥ ብሎ መክሮታል (ምዕ. 4)። የእርሻ በሬ ሸጦ ተዝካር ማውጣት የሟቹን ልጆች ለሚመጣው ክረምት ማስራብ ነው። ሰው ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ስንቱን ቤት ባለዕዳ አድርጎታል! አስቀድመው ካህናትና ነዳያን ይብሉ፤ የተረፈው ለዘመድ ይበቃል።

የሕይወት ታሪኩ ሲጻፍ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የክርስትና ስሙ፣ የትውልድ ቦታው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ በአጥቢያው የሠራው ይካተት። ከመነበቡ በፊት አንድ ሽማግሌ የልጆቹን ስም ይይልን፤ ከሌላ የወለደውን ልጅ መዝለል መቃብር ዳር ጠብ ያስነሣል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» እንዲሉ ማጋነኑም ይቅርብን። መጽሐፍ ጦቢት ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሠርታ ያበላችውን ሚስቱን ሐናን፣ በስጦታ ያገኘችውን ፍየል ሰርቀሽ ነው ብሎ መጠርጠሩን አልደበቀም። ኃጢአት አልነበረበትም ካልን ካህኑ ምን ብለው ሊጸልዩ ነው? «ነፍስ ይማር» የምንለው ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው ስለሆነ ነው።

ጣቢታ በኢዮጴ ስታርፍ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩ ነው ያለቀሱት (ሐዋ. 9፥39)። እኛም ሥራውን እንይ፤ እስከ አርባው ድረስ በተለይ ያላለቀውን። በእጁ የቀረ የእድር ገንዘብ፣ ደረሰኝና ቁልፍ ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ተቆጥሮ ይረከብ፤ ሲዘገይ ሐሜቱ በሟቹ ስም ላይ ያርፋል። ጦቢት በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠውን ብር ለልጁ ነግሮ ጽሕፈቱን አስረክቦታል፤ ያለ ጽሑፍ የቀረ ዕዳና አደራ ግን በጎረቤት ጥያቄ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በሰባተኛው ቀን ሰው በተሰበሰበበት «ያበደራችሁት፣ የተበደራችሁት፣ ስእለትም የነገራችሁ ካለ» ተብሎ ይጠየቅ። የሠራተኛ ደመወዝ ካለበት እሱ ይቅደም፤ ጦቢት ደመወዝ ቤትህ አይደር ብሏልና።

በጽዋ ማኅበሩ የመደገስ ተራው ሳይደርስ ካረፈ ሚስቱ ወይም ልጁ ይቀበሉት እንደሆነ ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ይጠይቅ፤ አቅም ከሌላቸው ማኅበሩ በመደበኛ መዋጮው ያውጣው እንጂ ስሙን አይሰርዝ። ያርስላት የነበረች መበለት ካለችም ሦስት አራት ጥማድ በደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን ይጨርስላታል፤ ግን ቀኑ አሁን ካልተቆረጠ በልግ ሲገባ ሁሉም ወደ የማሳው ይሮጣል፣ የእሷም መሬት ጦሙን ያድራል።