የበቆሎ ቺፕስ፦ አሠራሩ፣ ታሪኩና የምግብ ይዘቱ

የበቆሎ ቺፕስ ከተቀቀለና ከተፈጨ በቆሎ ሊጥ ተቆርጦ፣ በጋለ ዘይት ተጠብሶ፣ ጨው የሚነሰነስበት ደረቅ መክሰስ ነው። ሥሩ ሜክሲኮ ነው፤ በፋብሪካ ተመርቶ ገበያ የያዘው ደግሞ በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ነው። ብዙ ሰው ከቶርቲያ ቺፕስ ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ለቶርቲያ ቺፕስ ሊጡ በቅድሚያ እንደ ስስ ቂጣ ተዳምጦ ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ ተቆራርጦ ይጠበሳል። ለበቆሎ ቺፕስ ግን እርጥቡ ሊጥ ሳይጋገር በቀጥታ ዘይት ውስጥ ይገባል። በሊጡ ውስጥ ያለው ብዙ ውሃ ተንኖ ሲወጣ ቦታውን ዘይት ይይዘዋል። ስለዚህ የበቆሎ ቺፕስ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዘይት ሲሆን፣ የቶርቲያ ቺፕስ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ጣዕሙም፣ ውፍረቱም፣ የካሎሪው መጠንም የሚለየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የኖራው ውሃ

ስለዚህ መክሰስ ሲነገር ዘይቱና ጨው ቶሎ ይነሣሉ፤ ከሁሉ በፊት መነሣት የሚገባው ግን ኖራ ነው። በቆሎ በደቡባዊ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ ለማዳ የሆነ እህል ነው። ደረቅ በቆሎ እንዲሁ ተፈጭቶ በውሃ ቢለወስ የሚያያዝ ሊጥ አይወጣውም፤ ይፈረካከሳል። የመካከለኛው አሜሪካ ሴቶች የደረሱበት ዘዴ ይህን ችግር ፈታው። የበቆሎው ፍሬ ጥቂት ኖራ ወይም አመድ በገባበት ውሃ ይቀቀላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ በዚያው ውሃ እንደተዘፈዘፈ ያድራል። በማግስቱ ገለፈቱ በእጅ ሲታሽ ይላቀቃል፤ ፍሬው ታጥቦ እርጥብ እንዳለ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ በሆነው በናዋትል የተቀቀለው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፤ ቃሉ «አመድ» ማለት ከሆነው ኔሽትሊ እና የበቆሎ ሊጥ ምግብ ማለት ከሆነው ታማሊ የተገናኘ ነው። ሊጡን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ማሳ ይሉታል። ዘዴው ቢያንስ 3,000 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ይታመናል።

ኖራው የገለፈቱን ማያያዣ ያሟሟል፣ የስታርቹን ጠባይ ይለውጣል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል፤ የፍሬውንም የካልሲየም መጠን በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን ነጻ ማውጣቱ ነው። በቆሎ ውስጥ ኒያሲን አለ፤ ነገር ግን ከሌሎች ውህዶች ጋር ስለ ተቆራኘ ሰውነት ሊወስደው አይችልም። ኖራው ያንን ቁርኝት ይፈታዋል።

የዚህ ነገር ክብደት የታየው እህሉ ባሕር ተሻግሮ ዕውቀቱ ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ ነው። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲወሰድ ቅቀላው አብሮ አልሄደም። በ1735 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ጋስፓር ካሳል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም በሰሜን ስፔን በምትገኘው በአስቱሪያስ ድሆች ገበሬዎች ላይ ቆዳን የሚያቆስል በሽታ መዝግቦ ጻፈ። ይህ በኋላ ፔላግራ የተባለው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሺህ ሰዎችን ገደለ። ተላላፊ ነው ሲባል የነበረውን እምነት ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ ባደረገው ምርምር አፈረሰ፤ ምክንያቱ የአመጋገብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም መድኃኒቱ ኒኮቲኒክ አሲድ፣ ማለትም ኒያሲን፣ መሆኑን አረጋገጠ። የሜክሲኮ እናቶች ስሙን ሳያውቁ ለሺህ ዓመታት ከዚህ በሽታ ቤተሰባቸውን ጠብቀዋል። ከደረቅ ዱቄት ብቻ የሚሠሩ የበቆሎ መክሰሶችም በገበያ ላይ አሉ፤ እዚህ የሚነገረው በኖራ ስለ ተቀቀለው ነው።

ከሳን አንቶኒዮ ወጥ ቤት ወደ ፋብሪካ

በሜክሲኮ ቶቶፖ የሚባሉ የደረቁ ወይም የተጠበሱ የቶርቲያ ቁራጮች ከጥንት ጀምሮ ይታወቃሉ። በፋብሪካ የተመረተውን የበቆሎ ቺፕስ መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ክርክር አለ። በሳን አንቶኒዮ የማሳ ዱቄት ያመርት የነበረው ባርቶሎ ማርቲኔዝ በ1910ዎቹ ቀድሞ ሠርቶታል የሚሉ አሉ። ይህ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ የሚታወቀው የ1932ቱ ታሪክ ነው።

በዚያ ዓመት፣ የኢኮኖሚው ድቀት በበረታበት ወቅት፣ ቻርለስ ኤልመር ዱሊን የተባለ የሳን አንቶኒዮ ነጋዴ ከኦኣሃካ የመጣ ጉስታቮ ኦልጊን የሚባል ሜክሲኳዊ የሚጠብሰውን የበቆሎ ቺፕስ ቀመሰ። ኦልጊን ወደ አገሩ መመለስ ይፈልግ ነበርና አሠራሩን፣ ለሊጡ መጭመቂያ ያደረገውን የድንች መፍጫ እና 19 ደንበኞቹን በ100 ዶላር ሸጠለት። ገንዘቡ እንዲሟላ የዱሊን እናት ዴይዚ ዲን የጋብቻ ቀለበታቸውን በመያዣ እንዳስያዙ ይተረካል። ምርቱ በእናትየው ወጥ ቤት ተጀመረ፤ ስሙም በስፓኒሽ «የተጠበሰ» ከሚለው ቃል ተወስዶ ፍሪቶስ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ወደ ዳላስ ተዛወረ።

ዱሊን ሥራውን በጽኑ የሚወድ ሰው ነበር፤ ለቺፕሱ የሚስማማ የበቆሎ ዝርያ እስከ ማዳቀል ደርሷል። ቤተሰቡ እንደሚናገረው እርሱ ራሱ ሥጋ አያዘወትርም፣ ጨውም ይቀንስ ነበር። ድርጅቱ ቺፕሱን በምግብ ውስጥ የሚገባ ግብአት አድርጎ የሚያሳዩ የአሠራር መመሪያዎች ያሰራጭ ነበር፤ በሾርባ ላይ፣ በሰላጣ ላይ፣ በሥጋ ወጥ ላይ። ቺፕሱ መክሰስ ብቻ ተደርጎ በከረጢት ሙሉ መበላቱ በኋላ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ትኩስ የቃሪያና የሥጋ ወጥ የሚፈስበት «ፍሪቶ ፓይ» የቴክሳስ ነው ወይስ የኒው ሜክሲኮ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ ሁለቱም ግዛቶች የኛ ነው ይላሉ።

ዱሊን በ1959 አረፈ። በ1961 ድርጅቱ የድንች ቺፕስ አምራች ከነበረው ከኤች ደብሊው ሌይ ጋር ተዋሐደ፤ በ1965 ደግሞ ከፔፕሲ ኮላ ጋር ተቀላቅሎ ፔፕሲኮ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ያለው የገበያ መስፋፋት ታሪክ ነው።

የምግብ ይዘቱ

ቅመም ያልተጨመረበት የበቆሎ ቺፕስ ሦስት ግብአት ብቻ አለው፦ በቆሎ፣ ዘይትና ጨው። 28 ግራሙ፣ ማለትም አንድ እፍኝ ያህሉ፣ ወደ 160 ካሎሪ፣ 10 ግራም ስብ፣ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 2 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ገደማ ፋይበር ይሰጣል። ከካሎሪው ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዘይቱ ነው። ዘይቱ የበቆሎ ወይም የሱፍ ከሆነ አብዛኛው ያልረጋ ስብ ነው፤ የረጋው ስብ ከ1.5 ግራም ብዙም አይርቅም። ግሉተን በተፈጥሮው የለውም፤ ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና የጣዕም ዱቄት የተጨመረባቸውን ሲገዙ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ጨው የሚባለው አንዳንዴ ይጋነናል። በ28 ግራም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወደ 170 ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ ቁራጭ የፋብሪካ ዳቦ ጋር ይቀራረባል። ጨው በገጹ ላይ ስለሚቀመጥ ምላስን ፈጥኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህም ከመጠኑ በላይ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ሶዲየም በታች ይመክራል። ሥጋቱ ያለው በአንዱ እፍኝ ሳይሆን እጅ ተመልሶ ተመልሶ ወደ ከረጢቱ ሲሄድ ነው።

የበቆሎ ፕሮቲን ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ባቄላና ሌሎች ጥራጥሬዎች ላይሲንን አብዝተው ይይዛሉ፤ ቺፕሱን ከባቄላ ማጥቀሻ ጋር መብላት ጉድለቱን ያቃናል። ከአቮካዶ በሚሠራው ጓካሞሌ ወይም ከቲማቲም በሚሠራው ሳልሳ ሲጠቀስ ደግሞ እህሉ የሌለውን ቫይታሚን ሲ ያገኛል።

የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 ስታርች ያላቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጠበሱ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚሠጋበት አክሪላማይድ የተባለ ውህድ እንደሚፈጠር አስታወቁ፤ የበቆሎ ቺፕስም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ የድንች ቺፕስ ግን በአብዛኛው ይበልጠዋል። ቺፕሱ «እጅግ የተቀነባበረ ምግብ» ይባል ወይስ አይባል የሚለውም አላለቀም። ማጣፈጫና ማቅለሚያ የበዛበት ይባላል፤ ባለ ሦስት ግብአቱን ከዚያ ጎራ መደመር ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ለምን ይወደዳል

ሊጡ ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው በእንፋሎት ፈንድቶ ይወጣል፤ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎች ይፈጠራሉ፣ ግድግዳቸው ይደርቃል። ሲኮረሽሙት የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ ግድግዳዎች መሰበር ነው። መዓዛውን ከድንች ቺፕስ የሚለየው ግን ጥብሱ ብቻ አይደለም። የቶርቲያና የማሳ መለያ ሽታ የሆነው 2-አሚኖአሴቶፌኖን የተባለው ውህድ በኖራ ከተቀቀለ በቆሎ የሚገኝ ነው፤ ሌሊቱን በኖራ ውሃ ያደረው ፍሬ በአፍንጫ ይታወቃል ማለት ነው። ውፍረቱም ለማጥቀስ ያመቻል፤ ከባድ ማጥቀሻ ሲጨለፍበት ከስሱ የድንች ቺፕስ ይልቅ ይጸናል።

ጠላቶቹ እርጥበትና አየር ናቸው። እርጥበት የደረቁትን ግድግዳዎች ያለሰልሳቸዋል፣ አየር ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ፋብሪካዎች ማሸጊያውን በናይትሮጅን የሚሞሉት ለዚህ ነው። ከተከፈተ በኋላ የለሰለሰው በምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ቢሞቅ ኩርሽምታው ይመለሳል፤ ዘይቱ የተበላሸውን ግን የሚመልሰው ነገር የለም።