ሌዘር ጃመር በትንሽ መኪና ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሌዘር ፍጥነት መለኪያ እና እርሱን ለማወክ በመኪና ላይ ስለሚገጠመው ጃመር የሚነገረው ነገር አብዛኛው ከሻጮች ማስታወቂያ የተቀዳ ወይም ከራዳር ዘመን የተወረሰ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ ስለሆነ ከዚያ መነሣት ይሻላል። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ የሚይዘው የሌዘር መለኪያ ለዓይን የማይታይ፣ 905 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ኢንፍራሬድ ብርሃን በአጫጭር ምት እየለቀቀ፣ እያንዳንዱ ምት ከመኪናው ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። መኪናው 300 ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ደርሶ የሚመለሰው በሁለት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። በሰከንድ 200 ምት የሚልክ መለኪያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ላይ ቢነጣጠር፣ በሁለት ተከታታይ ምቶች መካከል መኪናው 14 ሴንቲሜትር ያህል ይቀርባል፤ መለኪያው እነዚህን ጥቃቅን የርቀት ለውጦች አሰባስቦ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፍጥነቱን ያሳያል።

«ጃመር ፖሊሱ ዝቅ ያለ ፍጥነት እንዲያይ ያደርጋል»

አያደርግም። ጃመሩ የመጣበትን ምት በሴንሰሩ ተቀብሎ ድግግሞሹን ከለየ በኋላ፣ ከመኪናው ነጥሮ ከሚመለሰው ብርሃን ጋር የሚደባለቁ የራሱን ምቶች በዚያው ሴንሰር በኩል ይልካል። መለኪያው የሚደርሱት ምቶች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ርቀቶችን ስለሚነግሩት ንባቡን ይጥለዋል። በመለኪያው መስኮት ላይ የሚታየው የተቀነሰ ቁጥር ሳይሆን ባዶ ቦታ ወይም የስሕተት ምልክት ነው።

«ጃመር ያለው መኪና እስከ መጨረሻው አይለካም»

ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው እምነት ሲሆን የብርሃን ጠባይ ራሱ ያፈርሰዋል። የጃመሩ ብርሃን ከመኪናው ወደ መለኪያው አንድ ጊዜ ብቻ ይጓዛል፤ የመለኪያው ብርሃን ግን ሄዶ፣ ነጥሮ፣ ተመልሶ ስለሚመጣ ከሩቅ ሲሆን በጣም ይዳከማል። ጃመሩ በሩቅ ርቀት የሚያሸንፈው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው እየቀረበ በመጣ ቁጥር ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን በፍጥነት እየበረታ ይሄዳል፣ በአንድ ርቀት ላይም የጃመሩን ምቶች አልፎ ይነበባል። ያ ርቀት በመለኪያው ዓይነት፣ በሴንሰሮቹ ብዛትና አቀማመጥ፣ እንዲሁም በመኪናው ፊት ቅርጽ ይለያያል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ጃመር ጥሩ በሚባልበት ጊዜ እንኳ የሚሰጠው ጥቂት ሰከንዶችን ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ፍጥነቱን ያልቀነሰ ሰው ገንዘቡን የከፈለው ጃመሩ ለሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ጩኸት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

«የሌዘር ጠቋሚ ካለ ጃመር አያስፈልግም፤ ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ»

ጠቋሚው ብርሃን ሲያርፍበት ይጮኻል እንጂ ምንም ነገር አይልክም። የራዳር ሞገድ ሰፋ ብሎ ስለሚሰራጭ ፖሊሱ ከፊት ባሉ ሌሎች መኪናዎች ላይ ሲለካ የሚተርፈውን ሞገድ ጠቋሚው ከሩቅ ሊይዘው ይችላል። የሌዘር ጨረር ግን ቀጭን በመሆኑ ጠቋሚው ሲጮኽ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ያው መኪና ራሱ ነው፤ ነጂው እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ንባቡ አልቋል።

«ትንሽ መኪና በራሷ አስቸጋሪ ዒላማ ስለሆነች አንድ ሴንሰር መሃል ላይ ይበቃታል»

በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት ስላለ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፊቷ ዝቅ ያለ፣ ኮፈኗ የተንጋለለ ትንሽ መኪና ከጭነት መኪና ያነሰ ብርሃን ትመልሳለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰፊ ገጽ ስለሌላት ከሩቅ ለመያዝ በጥቂቱም ቢሆን ትከብዳለች። ነገር ግን የመለኪያው ጨረር በአብዛኛው በአንድ ሺህ ሜትር ሦስት ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህም በ300 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ ክብ ማለት ሲሆን፣ ወርዷ ከአንድ ሜትር ከግማሽ የሚበልጥ መኪና ላይ ፖሊሱ የሚፈልገውን ቦታ መርጦ ማነጣጠር ይችላል ማለት ነው። ከሁሉም የሚመረጠው ታርጋው ነው፤ የታርጋ አንጸባራቂ ሽፋን በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት ጠብታዎች ወይም ፕሪዝሞች ብርሃንን ወደ መጣበት አቅጣጫ እንዲመልሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና። ቀጥሎ የፊት መብራቶቹ ይመጣሉ። አንድ ሴንሰር በመሃል የገጠመ ሰው ጨረሩ በአንደኛው ጥግ ባለ የፊት መብራት ላይ ቢያርፍ ሴንሰሩ ከጨረሩ ክብ ውጪ ሊቀር ይችላል። ከታርጋው ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰር መግጠም የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመኪናው ማነስ ይህንን አይለውጠውም።

እንዲያውም ማነሷ ገጠማውን ያከብደዋል። የፊት ፍርግርጉ ጠባብ ነው፣ መሃሉን ታርጋው ይይዘዋል፣ ከጀርባው ወዲያው ራዲያተሩ አለ፣ ጥጎቹን ደግሞ የጭጋግ መብራትና የፓርኪንግ ሴንሰር ቀድመው ወስደውታል። የባምፐሩ መጠምዘዝ ሲጨመርበት፣ ሴንሰሩ ከመንገዱ ጋር አግድም ተስተካክሎ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲያይ ማድረግ ከሽቦ መዘርጋቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ዲግሪ ብቻ ቢዘነበል በ300 ሜትር ርቀት ላይ የሚልከው ጨረር መሃሉ አሥር ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወይም ወደ አስፋልት ይስታል። በዓይን ግምት ተገጥሞ የማይሠራ ጃመር ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የተንጋደደ ነው።

«ጥቁር ቀለም፣ የታርጋ መሸፈኛ ወይም በስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለ ሲዲ ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል»

ሲዲው ጌጥ ነው። ጥቁር ቀለምን በተመለከተ፣ ለዓይን ጥቁር የሆነ ነገር ሁሉ ለኢንፍራሬድም ጥቁር አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ ታርጋውና የፊት መብራቶቹ በቦታቸው አሉ። የታርጋ መሸፈኛ ደግሞ ታርጋን ማደብዘዝ በብዙ አገሮች በራሱ ጥፋት ስለሆነ ካንዱ ችግር ወደ ሌላው መሸጋገር ነው።

«ለሌዘር የሚሠራ ለራዳርና ለካሜራም ይሠራል»

የፖሊስ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይጠቀማል፤ ከተለመዱት አንዱ 24 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። የሌዘር ጃመር ስለዚህ ሞገድ የሚያውቀው ነገር የለም። አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎች ደግሞ መኪናው ላይ ሌዘር መተኮስ አያስፈልጋቸውም፤ በሁለት ቦታ ታርጋውን አንብበው በመካከል ያለውን ርቀት መኪናው በፈጀበት ጊዜ ያካፍላሉ። ፍጥነት ለመለካት በአስፋልት ውስጥ የተቀበሩ የሽቦ ጥቅልሎችም እንዲሁ ከብርሃን ጋር ጉዳይ የላቸውም።

«ፖሊሱ መታወኩን አያውቅም»

ቀደም ባሉት መለኪያዎች ዘመን ይህ በከፊል እውነት ነበር፤ ባዶ መስኮት ያየ ፖሊስ አላነጣጠርኩም ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። አዳዲሶቹ ግን የማይጠበቅ ምት ሲደርሳቸው ያንን ለይተው የመታወክ ምልክት ያሳያሉ። አንዳንዶቹ ጃመሩ አስቀድሞ ድግግሞሹን ለይቶ እንዳይጠብቃቸው በምቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለዋውጣሉ። የጃመር አምራቾች በበኩላቸው ሶፍትዌራቸውን እያደሱ ይከተላሉ፣ መለኪያ ሠሪዎችም መልሰው ይቀድማሉ። ከዓመታት በፊት ተገጥሞ ያልታደሰ ጃመር ለአዲስ መለኪያ ባዕድ ብርሃን መኖሩን ከማሳበቅ ያለፈ ጥቅም ላይኖረው ይችላል። ምልክቱ ባይኖርም እንኳ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት መኪናዎች ያለ ችግር እየተለኩ አንዲት ትንሽ መኪና ብቻ ደጋግማ ባዶ ስታሳይ ልምድ ያለው ሰው ምክንያቱን ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

«አንዴ ከተገጠመ ይረሳል»

ጭቃ፣ በረዶና አቧራ የሴንሰሩን መስኮት ሲሸፍኑት መቀበሉም መላኩም ይደክማል። ባምፐሩ በፓርኪንግ ትንሽ ሲገጭ አቅጣጫው ይዛባል። ውኃ የገባበት ማገናኛ፣ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የተጎተተ ሽቦ ወይም ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ያለፈ መስመር ከጃመሩ አልፎ መኪናውን የሚጎዳ ነገር ነው። በተጨማሪ አንዳንድ መኪናዎች የራሳቸው ሌዘር አላቸው፤ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው ግጭትን የሚከላከል ፍሬን ከፊት መስታወቱ ጀርባ የሌዘር ሴንሰር ይጠቀም ነበር፤ እንዲህ ያለ መኪና ከኋላ ሲከተል ወይም ከፊት ሲመጣ ማስጠንቀቂያው በከንቱ ይጮኻል። በከንቱ መጮኹን የለመደ ነጂ ደግሞ እውነተኛውንም ችላ ማለት ይጀምራል።

«ብርሃን ስለሆነ ሕግ አይከለክለውም»

ይህ አባባል የመጣው ከአሜሪካ ሕግ አንድ ጥግ ነው። በዚያ አገር የራዳር ጃመር በፌዴራል የመገናኛ ሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ሌዘር የሬዲዮ ሞገድ ስላልሆነ በዚያ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ይሁንና ካሊፎርኒያን፣ ቴክሳስን፣ ቨርጂኒያንና ሚኒሶታን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ከልክለውታል። በጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ ነጂው የፍጥነት ቁጥጥርን የሚያመለክት ወይም የሚያውክ መሣሪያ መጠቀም ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ መያዝም አይችልም። በብሪታንያ ነገሩ የበለጠ ከባድ ነው፤ ጃመር የተጠቀሙ ነጂዎች የፍትሕን ሂደት በማዛባት ወንጀል ተከሰዋል፣ የዚህ ወንጀል ቅጣት እስከ እስራት ይደርሳል፤ በፍጥነት ብቻ ቢያዙ ግን አብዛኞቹ የሚደርስባቸው የገንዘብ መቀጮና የመንጃ ፈቃድ ነጥብ ነበር። መሣሪያውን «ፓርኪንግ ሴንሰር» ብሎ መሸጥና መግዛት የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ የፓርኪንግ ሴንሰር ሥራው በቀስታ ሲነዳ ጥቂት ሜትሮች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ለመለኪያ መልስ ሲሰጥ ለተገኘ መሣሪያ ይህ ስም ብዙም አይጠቅመውም።