የውትድርና ዘመን በአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች ጡረታ ላይ እንዴት ይቆጠራል?

በአሜሪካ ጦር አገልግሎ በኋላ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው በውትድርና ያሳለፋቸውን ዓመታት በሲቪል ጡረታው ላይ ማስቆጠር ይችላል። መብቱ በሕግ የተሰጠ ቢሆንም ማንም አንኳኩቶ አያመጣለትም። ሠራተኛው ራሱ ማመልከት፣ ሰነዱን ማሟላትና በጦሩ ይከፈለው ከነበረው መሠረታዊ ደመወዝ የተወሰነ መቶኛ ገቢ ማድረግ አለበት። ሠራተኞች ይህን ክፍያ በተለምዶ «ባይባክ» ይሉታል።

ጉዳዩ ለአሜሪካ ሐበሾች ሩቅ አይደለም። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጸድቆ በ2016 በቆመው ማቭኒ በተባለ ፕሮግራም ጦሩ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሰዎች ሲቀጥር፣ ይፈልጋቸው ከነበሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ከጦሩ ወጥቶ ፖስታ ቤት፣ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል ወይም ዋሽንግተን ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የተቀጠረ ሁሉ ይህ ደንብ ይመለከተዋል። የሚቆጠረው ግን የአሜሪካ ጦር አገልግሎት ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ሠራዊት የተሰጠ አገልግሎት እዚህ ቦታ የለውም።

ክፍያው የሚመለከተው ከ1957 ወዲህ ያለውን የውትድርና ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ወታደሮች ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የአገሪቱ አጠቃላይ የጡረታ ዋስትና ታቀፉ። ከዚያ በፊት የነበረ የውትድርና ዘመን ያለ ክፍያ ይቆጠር ነበር። በ1982 የወጣ ሕግ ደግሞ ከዚያ ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ የተቀጠረ ሠራተኛ ካልከፈለ እንዳይቆጠርለት ደነገገ። በአሮጌው የሲቪል ሰርቪስ ጡረታ ሥር ላሉት ክፍያው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ነው። እነርሱ ዛሬ ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሠራተኛ ያለው በ1987 በተጀመረውና «ፌርስ» በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ሲሆን፣ በዚህኛው ክፍያው በመሠረቱ 3 በመቶ ነው። ከ2013 በኋላ የተቀጠሩ ሠራተኞች ለጡረታ የሚያዋጡት ከቀድሞዎቹ ቢበልጥም የውትድርናው ክፍያ ግን ለእነርሱም ያው 3 በመቶ ነው።

ጥቅሙን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ሰው በ4 ዓመት ውትድርና በጠቅላላ 100,000 ዶላር መሠረታዊ ደመወዝ አግኝቶ ቢሆን የሚከፍለው 3,000 ዶላር ነው። ጡረታ ሲወጣ፣ ከፍተኛ ደመወዝ ያገኘባቸው ተከታታይ ሦስት ዓመታት አማካይ 90,000 ዶላር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ዓመት 1 በመቶ ሲታሰብ አራቱ ዓመታት በየዓመቱ 3,600 ዶላር ይጨምሩለታል። ዕድሜው 62 ሞልቶ 20 ዓመት ካገለገለ ስሌቱ 1.1 በመቶ ስለሚሆን ጭማሪው 3,960 ዶላር ይደርሳል። የከፈለውን በአንድ ዓመት መለሰ ማለት ነው፤ የቀረው ዕድሜ ልኩን የሚበላው ነው። ዓመታቱ ቀድሞ ለመውጣትም ይረዳሉ። ከ1970 ጀምሮ የተወለደና 26 ዓመት በሲቪል የሠራ ሰው 4 የውትድርና ዓመት ሲጨመርለት 30 ስለሚሞላ በ57 ዓመቱ ሙሉ ጡረታውን ይዞ ይወጣል። ቢያንስ 5 ዓመት የሲቪል አገልግሎት ግን የግድ ነው፤ በውትድርና አይተካም።

ሁለት ቀኖች መረሳት የለባቸውም። የመጀመሪያው የቅጥሩ ሦስተኛ ዓመት ነው። ሁለቱ ዓመታት ከወለድ ነፃ ናቸው፤ የመጀመሪያው ወለድ የሚደመረው ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ ስለሆነ ከዚያ በፊት ከፍሎ የጨረሰ ሰው ወለድ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ወለዱ በየዓመቱ በራሱ ላይ እየተደመረ ያድጋል። ሁለተኛው ከሥራ የመሰናበቻው ቀን ነው። ክፍያው ከዚያ በፊት ተጠናቆ መሥሪያ ቤቱ ካልገባ፣ በአስተዳደር ስህተት ካልሆነ በቀር በሩ ይዘጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕረፍት ፈቃድ አቆጣጠር ነው። የቅጥር ወረቀቱ ላይ «የአገልግሎት መነሻ ቀን» የሚባል ሳጥን አለ። የውትድርና ዓመታት ለዓመት ፈቃድ ያለ ምንም ክፍያ ስለሚቆጠሩ፣ ይህ ቀን ከተቀጠረበት ቀን ወደ ኋላ ተስቦ ይጻፋል። 3 ዓመት የሞላው በየሁለት ሳምንቱ ከ4 ወደ 6 ሰዓት፣ 15 የሞላው ወደ 8 ሰዓት ፈቃድ ያድጋል። ሠራተኛው ቀኑን አይቶ «ተቆጥሮልኛል» ብሎ ይተወዋል። የተቆጠረለት ግን ፈቃዱ ነው፤ ጡረታው ገና ነው። ይህን ልዩነት የሰው ኃይል ክፍሎች አዲስ ሠራተኛ በሚቀበሉበት ቀን በግልጽ ሊነግሩት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሲሰማው ወለዱ ከዋናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላልና።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። ዲዲ-214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ቅጂ ከአርአይ 20-97 ቅጽ ጋር ወደ ጦሩ ደመወዝ ክፍል ይላካል፤ እርሱም በአገልግሎት ዘመኑ የተከፈለውን መሠረታዊ ደመወዝ አስልቶ ይመልሳል። ከዚያ የፌርስ ሠራተኛ ኤስኤፍ 3108 በሚባለው ቅጽ ለመሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜም ሆነ ከደመወዝ እየተቆረጠ መክፈል ይቻላል። ተከፍሎ ማለቁን የሚያረጋግጠው ደረሰኝ በኤሌክትሮኒክ የግል ማህደሩ መግባቱን ማየት፣ አንድ ቅጂም ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሠራተኛው መሥሪያ ቤት ሲቀይር ወረቀት ይጠፋል።

አገልግሎቱ በክብር የተጠናቀቀና ሙሉ ጊዜ መሆን አለበት። የሪዘርቭ (የተጠባባቂ ጦር) እና የናሽናል ጋርድ (የክፍለ ግዛቶች ጦር) የቅዳሜና እሑድ ልምምድ አይቆጠርም። ከጦሩ በጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ሁለቱን ጡረታ በአንድ ዘመን ላይ ሊበላ ስለማይችል፣ የውትድርና ጡረታውን ካልተወ በቀር ክፍያው አይጠቅመውም፤ በሪዘርቭ ጡረታ የወጡና በውጊያ ለደረሰባቸው ጉዳት ጡረታ የተሰጣቸው ከዚህ ውጭ ናቸው። ከቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚመጣው የአካል ጉዳት አበል ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ባይባክ አይነካውም።

ሠራተኛው ክፍያውን ሳይጨርስ በሥራ ላይ እያለ ቢሞት፣ የተረጂነት አበል የሚገባት ባለቤቱ ወይም ባሏ የቀረውን ከፍለው ዓመታቱን ማስቆጠር ይችላሉ። ለዚህም ዲዲ-214ቱ የት እንዳለ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት።