ኤተል ሄጅማን ላይል፦ የአልፋ ካፓ አልፋ መሥራች

ኤተል ሄጅማን ላይል በአሜሪካ የጥቁር ሴት ተማሪዎችን የመጀመሪያ ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር)፣ አልፋ ካፓ አልፋን፣ የመሠረተች መምህርት ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ነው። የልደት ዓመቷን 1887 የሚሉ ይበዛሉ፣ 1885 የሚሉም አሉ። ሰምነር ሁለተኛ ደረጃን በ1904 ጨርሳ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በሕክምና የተመረቀበት ሃዋርድ ማለት ነው።

እዚያ የምታስተምር ኤተል ሮቢንሰን የምትባል ሴት ነበረች። ሮቢንሰን ራሷ የተማረችው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ስለነበራት የሴቶች ማኅበር ስታጫውታት የተማሪዋ የሄጅማን ልብ ተነሣ። በ1907 ክረምት ስታስብበት ከረመችና ጓደኞቿን ማሳመን ያዘች። ጃንዋሪ 15 ቀን 1908 ዘጠኝ ሆነው ሃዋርድ ባለው ማይነር ሆል በሚባል ሕንፃ ውስጥ ማኅበሩን መሠረቱ። ጥቁር መሆን እንኳን ማኅበር ለማቋቋም፣ ኮሌጅ ለመግባትም ፈተና በነበረበት ዘመን ነው እንግዲህ! ቀለማቸው ሮዝና አረንጓዴ ሆነ። ሊቀመንበር ሉሲ ስሎ ተመረጠች፤ ይቺ ሉሲ በኋላ በ1917 በቴኒስ ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

በ1912 ስሙና አርማው ይቀየር የሚል ክርክር ተነሣ። 22 አባላት ወጥተው በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ የተባለ ሌላ ሶሮሪቲ መሠረቱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም በየፊናቸው ይተርካሉ። የመጀመሪያውን ስም ያዳነችው ግን ያለ ጥርጥር የማኅበሩ አባል ኔሊ ኳንደር ናት፤ ጃንዋሪ 29 ቀን 1913 ሕጋዊ ሰውነት አስገኘችለት።

ኤተል ያኔ ከዋሽንግተን ወጥታለች። በ1909 ተመርቃ ኦክላሆማ፣ ዩፎላ ሙዚቃ አስተማረች። በ1911 ጆርጅ ላይልን አግብታ ፊላደልፊያ ገባች፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። እስከ 1948 ጡረታዋ ድረስ ማስተማሯን አልተወችም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ከምሥረታው በኋላ የሠራችው ነው። ብዙ መሥራች ስሙን ተክሎ ዞር ይላል። እሷ ግን ከ1923 እስከ 1946፣ 23 ዓመት ሙሉ፣ የማኅበሩ ብሔራዊ ገንዘብ ያዥ ሆና ደብተሩን ይዛ ቆየች። በ1926 ፊላደልፊያ ላይ ኦሜጋ ኦሜጋ የሚባለውን ቅርንጫፍ አቋቁማ መርታለች። ሕይወቷ ያለፈው ኖቬምበር 28 ቀን 1950 ነው። ካማላ ሃሪስም በ1980ዎቹ ሃዋርድ ስትማር የገባችው ይሄው ማኅበር ውስጥ ነው።