ትሮፖኒን «ኔጌቲቭ» ነው ከተባለ ለምን ይደገማል?

«ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው ተብለን ለምን እንደገና ደም ይወሰዳል?» የሚለው ጥያቄ እየተመላለሰ ነው። ነገሩ ደረቱን ለታመመ ሰው ስለሚደረገው የትሮፖኒን የደም ምርመራ ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ወዲያው ግን አይታይም፤ በተለመደው ምርመራ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው እንበል። 11 ሰዓት ላይ በባጃጅ ሆስፒታል ደርሶ የተወሰደው ደም 12 ናኖግራም በሊትር አሳየ፤ በማሽኑ የጤናማ ሰው ከፍተኛ ወሰን 26 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲደገም 85 ሆነ። የመጀመሪያው ውጤት ስህተት አልነበረም፣ ጊዜው ገና ነበር። እባካችሁ፣ ሁለተኛው ሳይወሰድ ሕመምተኛውን ይዛችሁ አትውጡ።

ትሮፖኒን ደም ውስጥ ለመታየት ጊዜ መፈለጉ እርግጥ ነው። ከማሽን ማሽን የሚለያየው ወሰኑና የመድገሚያው ሰዓት ነው፤ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ መድገም ያስችላሉ። መለኪያውንም እዩ፦ 0.04 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 40 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። የኩላሊት ሕመምተኛ ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዋናው ነገር በሁለቱ ውጤቶች መካከል መጨመሩ ወይም መቀነሱ ነው።

ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ግን ሆስፒታል በደረሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሳል፤ የልብ ደም ስር መዘጋቱን ካሳየ ሕክምናው ትሮፖኒን አይጠብቅም።