ሊስፕ ሜተድ የሚመርጥበት መንገድ፦ ጀነሪክ ፈንክሽን በወሎ ቅኝቶች ምሳሌ

ጀነሪክ ፈንክሽን በኮመን ሊስፕ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ በአንድ ስም ሥር የተሰበሰቡ ሜተዶችን፣ ማለትም ለየሁኔታው የተጻፉ አሠራሮችን፣ የሚይዝ ፈንክሽን ነው፤ በተጠራ ቁጥር ከመካከላቸው ለቀረቡለት አርጉመንቶች (በጥሪው ለሚሰጡት እሴቶች) የሚስማማውን መርጦ ያሠራል። ጆን ማካርቲ ሊስፕን የጀመረው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጀነሪክ ፈንክሽን ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ፍሌቨርስና ኮመንሉፕስ ከተባሉ ቀደምት ሥርዓቶች ልምድ የተወለደው ክሎስ፣ ማለትም ጀነሪክ ፈንክሽንን የያዘው የኮመን ሊስፕ የኦብጀክት ሥርዓት፣ በ1988 የኮመን ሊስፕ አካል እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1994ም የአንሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም) ደረጃ ሲጸድቅ አብሮ ጸደቀ።

ጃቫ ወይም ፓይተን ለለመደ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ተማሪ እንግዳ የሚሆንበት፣ እዚህ ሜተድ የክላስ (የኦብጀክቶች ዓይነት) ንብረት አለመሆኑ ነው። በእነዚያ ቋንቋዎች ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የትኛው ሜተድ እንደሚሠራ የሚወስነው ከነጥቡ በፊት የተጻፈው ኦብጀክት ብቻውን ነው። በሊስፕ ሜተዶቹ የፈንክሽኑ ስለሆኑ ግዴታ የሆኑት አርጉመንቶች ሁሉ በምርጫው ድምፅ አላቸው።

ባቲንና አምባሰልን የቦታም የቅኝትም ስም አድርጎ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ይህ አይከብደውም። «ተጫወት» የተባለ ጀነሪክ ፈንክሽን መሣሪያና ቅኝት ይቀበላል እንበል። ክራርና ማሲንቆ «የክር መሣሪያ» ከተባለው ክላስ ይወርሳሉ፤ እሱና ዋሽንት ደግሞ «መሣሪያ» ከተባለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ «ቅኝት» ከተባለው ክላስ ሥር ናቸው። አምባሰል በማሲንቆና አምባሰል በዋሽንት አንድ ዓይነት የእጅ ሥራ አይደለም፤ በዚያው በማሲንቆ ባቲ ሲመጣም ጣቶቹ ሌላ ይሠራሉ። ስለዚህ መሣሪያው ብቻ ወይም ቅኝቱ ብቻ ታይቶ ሜተድ ሊመረጥ አይችልም።

ጥሪው ሲደርስ ሊስፕ መጀመሪያ የማይመለከታቸውን ሜተዶች ይጥላል። ለዋሽንት የተጻፈ ሜተድ ክራር ሲቀርብ ይወድቃል፤ ለ«መሣሪያ» የተጻፈው ግን ክራርም መሣሪያ ነውና ይቆያል። የቀሩት ከልዩው ወደ አጠቃላዩ ይደረደራሉ። ለዚህ መመሪያ የሚሆነው የእያንዳንዱ ክላስ የቅድሚያ ዝርዝር ነው፦ ልጅ ከወላጁ ይቀድማል፤ ብዙ ወላጆች ካሉም በክላሱ ትርጉም ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው ይቀድማል። ሜተድ ከክላስ ይልቅ ከአንድ የተወሰነ ኦብጀክት ጋር፣ ለምሳሌ ከአንዲት ማሲንቆ ጋር ብቻ፣ ሊታሰር ይችላል፤ እንዲህ ያለው በዚያ አርጉመንት ከክላስ ሜተዶች ሁሉ ይቀድማል።

ክርክር የሚነሳው ሁለት ሜተዶች በየፊናቸው ልዩ ሲሆኑ ነው። አንዱ ለክራርና ለማንኛውም ቅኝት፣ ሌላው ለማንኛውም የክር መሣሪያና ለባቲ ተጽፏል። በክራር ባቲ ሲጠራ ሁለቱም ይስማማሉ፤ የቱ ይቅደም? ሊስፕ አርጉመንቶችን ከግራ ወደ ቀኝ ይመዝናል፤ በመጀመሪያው ክራር ከ«የክር መሣሪያ» ይልቅ ልዩ ስለሆነ ቅኝቱን ሳያይ ለክራሩ ሜተድ ይፈርዳል። ፕሮግራመሩ ፈንክሽኑን ሲያውጅ ቅኝቱ ቀድሞ እንዲመዘን ማዘዝ ይችላል፤ ያኔ ፍርዱ ይገለበጣል። በእኔ እይታ ይህ ከክሎስ ደካማ ጎኖች አንዱ ነው፤ አርጉመንቶቹ የተጻፉበት ተራ ሳይታወቅ ዳኛ ይሆናል። ጁሊያ የተባለው ቋንቋ በተመሳሳይ ሁኔታ አሻሚ መሆኑን ገልጾ ስህተት ያሳያል።

የተሸነፈው ሜተድ ግን አይባክንም። አሸናፊው «ኮል ኔክስት ሜተድ» ብሎ ቀጣዩን መጥራት ይችላል። ከዋናዎቹ ሌላ ሦስት ረዳት ዓይነቶች አሉ፦ አራውንድ ሁሉን ከውጭ ያቅፋል፣ ቢፎር ከዋናው በፊት፣ አፍተር ከዋናው በኋላ ይሠራል። ለ«የክር መሣሪያ» የተጻፈ ቢፎር ክሮቹን ቢቃኝ ክራሩም ማሲንቆውም ሳይጫወቱ በፊት ይቃኛሉ፤ ዋሽንት ክር የለውምና አይነካውም። የቢፎር ሜተዶች ከልዩው ይጀምራሉ፤ የአፍተሮቹ ተራ ተቃራኒ ነው። ረዳቶች ተገኝተው ዋና ሜተድ ከታጣ ጥሪው በስህተት ይቆማል።

ይህ የተለመደው የማጣመሪያ ስልት ነው። የሚስማሙትን ሁሉ ጠርቶ ውጤታቸውን የሚደምር፣ ትልቁን የሚወስድ ወይም በዝርዝር የሚያቀርብ ሌላ ስልትም መምረጥ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ማበጠር በየጥሪው ቢደገም ፕሮግራሙ ይንቀረፈፍ ነበር። ስለዚህ እንደ ኤስቢሲኤል ያሉ የሊስፕ ትግበራዎች ለአንድ የክላሶች ጥምረት የተገኘውን ውጤት ይይዛሉ፤ ክራርና ባቲ ዳግም ሲመጡ ፍለጋው ይዘለላል። ፕሮግራሙ ሳይቆም በገና የተባለ ክላስ ከ«የክር መሣሪያ» ወርሶ ቢጨመር መቃኘቱን ያለ ተጨማሪ ጽሑፍ ያገኛል፤ ለበገና አዲስ «ተጫወት» ሜተድ ሲጻፍ ደግሞ አዲሱ ሜተድ የሚነካው የተያዘ ውጤት ይሰረዝና ምርጫው እንደገና ይሰላል።